የምወዳቸው የሂፕ ሆፕ አልበሞችና አንድ ፍርድ

ከሂፕ ሆፕ አልበሞች ሁለቱን አስቀድማለሁ፤ የፐብሊክ ኤነሚን «ኢት ቴክስ ኤ ኔሽን ኦፍ ሚሊየንስ ቱ ሆልድ አስ ባክ» (እ.ኤ.አ. 1988) እና የዴ ላ ሶልን «ስሪ ፊት ሃይ ኤንድ ራይዚንግ» (1989)። የመጀመሪያው ቁጣ፣ ሁለተኛው ጨዋታ ነው። እኔ ለቁጣው አደላለሁ።

ሁለቱም የተሠሩት በሳምፕል ነው። ሳምፕል ማለት ከቆየ ሸክላ ድምፅ ቆርጦ ለአዲስ ዘፈን መጠቀም ነው፤ ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» እንደወሰዱት።

ዛሬ ግን እንዲህ በቁርጥራጭ የታጨቀ አልበም መሥራት ከባድ ነው። በ1991 የኒውዮርኩ ፌዴራል ዳኛ ኬቪን ዳፊ፣ ቢዝ ማርኪ የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ያለ ፈቃድ በመጠቀሙ አልበሙ እንዳይሸጥ አገዱ። ትእዛዛቸውን የጀመሩት ስርቆትን በሚከለክለው የሙሴ ሕግ ነበር፤ አልፈውም ጉዳዩን ለዐቃቤ ሕግ መሩት። (በፍትሐ ብሔር ክርክር ይህ ምን አመጣው? እላለሁ።) ከዚያ ወዲህ የሙዚቃ ኩባንያዎች ለእያንዳንዷ ቁራጭ አስቀድመው ፈቃድ መግዛት ያዙ።

ሕግ ተምሬያለሁና ባለመብቱ ይከፈለው ባይ ነኝ። ሆኖም በደርዘን የሚቆጠሩ ባለመብቶችን ማስፈቀድ የሚችል ባለገንዘብ ብቻ ነው። የዴ ላ ሶል አልበም በኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች የቀረበው በማርች 2023 ነው፤ ከሦስቱ አባላት አንዱ ትሩጎይ ካረፈ ከሳምንታት በኋላ።