የማን ቆዳ ነው «የቆዳ ቀለም»?

እኛ በመልክ ጉዳይ የቃል ድህነት የለብንም። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰው እንለያለን። ለአሜሪካው ክራዮላ ግን ለረጅም ዘመን አንድ ቃል በቂው ነበር። ፈዛዛ ሮዝ ቀለሙን ለልጆች «ፍሌሽ»፣ በእኛ «ሥጋ»፣ እያለ ይሸጥ ነበር። ስሙን «ፒች»፣ ማለትም «ኮክ» ብሎ የቀየረው የጥቁሮች የመብት ትግል በጋለበት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። 24 የቆዳ ቀለሞች የያዘ ፓኬት ያወጣው ደግሞ ገና በ2020!

ጣት የማይሞሉ የጦረኛ ምስሎችን የሚቀቡ ሰዎች ጠረጴዛ ላይም ይኸው ታሪክ አለ። ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ «የድንክ ሥጋ»፣ «የኤልፍ ሥጋ» የሚሉ ብልቃጦች ነበሩት። «ጠቆር ያለ ሥጋ» ያለውም ቢሆን ወደ ሸክላ የሚያደላ ቡናማ ነበር። በ2012 የቀለሞቹ ስም ሲለወጥ፣ የዚህኛው ምትክ «ዱምቡል ብራውን» ተባለና የቆዳ ስምነቱም ቀረ። እንግዲህ ጠይም ሰው መቀባት የፈለገ ራሱ ይበጥብጥ!

መበጥበጡ እንኳ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ሰዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ በ1400 አካባቢ በጻፈው መመሪያ ላይ፣ ፊት ሲሳል መጀመሪያ ሥሩ አረንጓዴ አፈር ይቀባ፣ ከዚያ ከጠቆረው እስከ ፈካው ሦስት የቆዳ ቀለም በየዕቃው ይዘጋጅ ይላል። ቆዳ አንድ ቀለም እንዳልሆነ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ ቀረበ፤ በ1994 ደግሞ «ሌየር»፣ ማለትም ድርብርብ ገጽ ተጨመረለት። ዛሬ ቀቢው ገና ያልተቀባውን ምስል ፎቶ ያነሳና በላዩ ሌየር እየደረበ ይሞክራል። ጥላው ወይን ጠጅ ቢሆንስ? ግንባሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ብርቱካናማ ቢሆንስ? ካልጣመው ያጠፋዋል። ትልቁ ጥቅም የሚታየው በጥቁር ቆዳ ላይ ነው። ቡናማውን ለማፍካት ነጭ የጨመረ ሰው የሚያገኘው ቅባት ያጣ፣ አመድ የመሰለ ፊት ነው። ጥቁር ቆዳ ያብረቀርቃል፤ የሰማዩን ሰማያዊ፣ የመብራቱን ቢጫ ይቀበላል። ይህን ስክሪን ላይ አይቶ የጀመረ ሰው ብሩሹን በከንቱ አያነሳም።

ስክሪን ብርሃን ነው፣ ቀለም ግን ዱቄት። ስለዚህ እዚያ ያማረው ውህድ ብልቃጥ ውስጥ ላይደገም ይችላል። ከኮምፒውተሩ የሚወሰደው የጥላውና የብርሃኑ ቦታ፣ የጥቁረቱም ልክ ነው። የቀረው የዓይን ሥራ ነው።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም ለቀቢው መልክ ይመርጥለት ነበር። አሁን ቀቢው መጀመሪያ ሰውየውን ያያል፣ ብልቃጡን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።