መንፉሓ፦ ሪያድ የዋጠችው የነጅድ መንደር

ዛሬ ከሪያድ ደቡባዊ ሰፈሮች አንዱ የሆነው መንፉሓ፣ ከተማዋ ከመስፋፋቷ በፊት፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ጎርፍ በሚወርድበት በዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ አጠገብ፣ በጉድጓድ ውሃ ተምር የሚያለማ ራሱን የቻለ የገጠር መንደር ነበር። ስመ ጥሩው የዐረብ ባለቅኔ መይሙን ኢብን ቀይስ፣ በቅጽል ስሙ አል-አዕሻ፣ የኖረው በዚሁ መንደር ሲሆን፣ ዘመኑም ከእስልምና መነሣት ጋር የገጠመ ነበር።

የነጅድ፣ ማለትም የመካከለኛው ዐረቢያ ደጋማ ምድር፣ ሰዎች ቤታቸውን የሚሠሩት ጭቃን ከጭድ ጋር አቡክተው፣ በፀሐይ ባደረቁት ጡብ ግድግዳውን ካቆሙ በኋላ፣ በጣሪያው ወራጆች ላይ የተምር ዝንጣፊ አንጥፈው በጭቃ በመምረግ ነበር። በአማራ ገጠር ጭቃው በእንጨት ላይ የሚለሰን ልባስ ሲሆን፣ በነጅድ ግን ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ራሱ ጭቃው ነበር፤ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ሪያድን ሲይዙ እ.ኤ.አ. በ1902 የተዋጉበት የመስማክ ምሽግም የዚህ ጥበብ ውጤት ነው። የነጅድ ባህል በሕንፃ ብቻ አይወሰንም፤ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው፣ በከበሮና በግጥም ታጅበው ሰይፍ የሚያወዛውዙበት አርዳ የተሰኘው ጭፈራ፣ ቀድሞ የጦርነት ዋዜማ ሥርዓት የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

የነዳጅ ሀብት ሪያድን ካሰፋ በኋላ መንፉሓ የስደተኛ ሠራተኞች፣ በተለይም የብዙ ኢትዮጵያውያን፣ መኖሪያ ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸውን ስደተኛ ሠራተኞች ለማስወጣት በተካሄደ ዘመቻ ወቅት በሰፈሩ ደም ያፈሰሰ ግጭት ተነሣ፤ በዚያው ዘመቻ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የመንፉሓ ታሪክ ያለ እነርሱ ሙሉ ሊሆን አይችልም።