ቆላ ውሎ ደጋ ማደር፦ የመተማ ሰፈር ምርጫ

አዲስ አበባ ቤት የሚከራይ ወጣት ጥያቄው ይታወቃል። ሰሚት ይሻላል ወይስ ጀሞ? ውኃው ይመጣል? ታክሲው እስከ ስንት ሰዓት ነው? እኛም በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተከራክረናል! ዛሬ ግን ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ መተማ እንውረድ። እዚያ «የት ልኑር?» የኪራይ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ክረምቱን በሕይወት ማለፍ ወይም አለማለፍ ነበር።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። መተማ ወደ 700 ሜትር ገደማ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሆኖም አየሩ የሌላ አገር ነው። ስለዚህ የደጋው ነጋዴ ዘዴ ቀላል ነበር፦ በበጋ ቡናውን፣ ሰሙንና በቅሎውን ይዞ ይወርዳል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ዝናቡ ሳይከብድ፣ ንዳድ ሳይነሳ ጭልጋን አልፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገበያው ቆላ፣ አልጋው ደጋ።

ያ አልጋ የት እንደሚዘረጋ ግን ሁሉም መርጦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ሰፈራቸው ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል፣ ወደ ቀሐ ወንዝ ወረደ። በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ይኸው ነው። የሚገርመው፣ ከከተማው ዳር የተገፋው ይህ ሰፈር የሱዳን ንግድ ዋና ቤት ሆነ። መሬት የተነፈገ ሰው መንገዱን ያዘ።

ታዲያ መተማ ላይ ክረምት ከበጋ የኖረው ማን ነው? ተክሩር ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል ለመካ ሐጅ የተነሱ ሰዎች መንገድ ላይ ቀርተው፣ ጥጥ ዘርተው፣ ጎጆ ቀልሰው ከተማዋን የራሳቸው አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር ታታሪነታቸውን ጽፏል። ያን ጊዜ ገላባት የአካባቢው፣ መተማ የከተማው ስም ነበር። ሼኮቻቸው ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር። አንዳንዱ ይህን መወላወል ይለዋል። ለእኛ ግን በሁለት ጌቶች መካከል ቤት የሠራ ሰው የሚከፍለው ኪራይ ነው።

ከቤከር 90 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1772 መጀመሪያ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ በዚሁ ቆላ ታምሞ ሰንብቷል። ያረፈበትን መንደር ስም «የሞት ጥላ ሸለቆ» ብሎ ፈታው። ለሰፈር ማስታወቂያ የሚሆን አይደለም።

የመተማን ጉዳይ ወደ ዙፋን ያደረሰው የ1880 እና የ1881 ዓ.ም. ጦርነት ነው። በ1880 ደርቡሾች ወደ ደጋው ወጥተው ጎንደርን አቃጠሉ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ቆላውን ለንግድ ብቻ የሚያውቀው ደገኛ፣ ቆላው ራሱ ቤቱ ድረስ መጣበት። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት 1 ቀን አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ገጠሙ፣ ቆሰሉ፣ በማግሥቱ አረፉ። ከተማዋ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የወሰን ውል ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ ሆነ። በመካከል ያለው አንድ ፈፋ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ጎረቤት አገሩም ይታየዋል። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያንና እንግሊዝ በዚያው ፈፋ ግራና ቀኝ ሲዋጉ፣ የሁለቱም ጎጆዎች የጦር ሜዳ ሆኑ።

ለብዙው ደገኛ አልጋውን ወደ ቆላ ያወረደው ሰሊጥና ሰፈራ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ከክልሉ ደጋ ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ቋራ ወረደ። የቀን ሠራተኛው ግን ዛሬም በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ይመጣል፤ አልጋው የእርሻው ዳር ነው፣ የሚያሰጋውም ወባና ካላ አዛር። በሰሊጡ ማን እንደሚከብር ስናነሳ ይህን ሰው አንርሳው።

አሁን ወደ ታክሲው ጥያቄ እንመለስ። መተማ ለመኖር የሚያስብ ሰው ሁለት ከተማ ይቀርብለታል። አንዷ ድንበሩ ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ ናት፤ ገንዘቡም ድንጋጤውም መጀመሪያ የሚደርሰው እሷ ጋ ነው። ሁለተኛዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ያለችው ገንዳ ውኃ፣ የቀድሞ ስሟ ሽኸዲ፣ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቢሮውና ደመወዙ እዚያ ነው። ነጋዴው ድንበሩን፣ ሠራተኛው ገንዳ ውኃን፣ የቻለ ደግሞ ልጆቹን ጎንደር ትቶ ሁለቱንም ይመርጣል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ግን በፈፋው ድልድይ የተሻገሩት ሰዎች ማማረጥ አልቻሉም፤ የመጀመሪያ ሌሊታቸውን ያደሩት ደርሰው በቆሙበት፣ መተማ ዮሐንስ ላይ ነው።