ባለቤት የሌለው ጥላ

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ነገር ከደወሌ ተነስቶ ውቅያኖስ ተሻግሮ ብራዚል የሚደርስ፣ ከዚያም በሙምባይና በናይሮቢ ዞሮ ተመልሶ ደወሌ የሚገባ ነውና መንገዱ ረጅም ነው፤ ሻይ ያለቀበት ያስቀዳ።

ደወሌን በስም እንጂ በእግር የማታውቋት ትኖራላችሁ። ከጅቡቲ በኩል ሲመጡ የአገራችን የመጀመሪያዋ የባቡር ጣቢያ ናት። አሮጌው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው በእርሷ በኩል አልፎ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡርም ድንበሩን የሚሻገረው በዚያው ነው። ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ዛፉ ግራር ነው፣ ደጋው በሐምሌ ዝናብ ሲርስ እዚያ ንፋሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል፣ ሰውም ፊቱን በፎጣው ጫፍ ሸፍኖ «ከረን መቼ ይመጣል» እያለ ሰማዩን ያያል፤ ከረን የሚሉት የክረምቱን ዝናብ ነው።

እንዲህ ባለ ቀን የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ወረቀቱ አላለቀለትም ተብሎ ቆመና እኔም ጥላ ፍለጋ ወጣሁ። ከመንደሩ ጠርዝ አንድ ሰፊ ግራር ነበረ፣ ከሥሩም ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በክብ ተቀምጠዋል። ገብቼ ልቀመጥ ወይስ ልለፍ ብዬ ስቆም አንድ ሽማግሌ ከጎናቸው ያጋደሙትን በትር አንሥተው ወዲያ አደረጉት። ቃል አልተናገሩም። በትሩ የተነሣበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ።

ጭቅጭቁ ስለ ውሃ ጉድጓድ ነበረ፤ ማን ቀድሞ ያጠጣል፣ ማን ሳይጠይቅ ቀዳ የሚል። ከዚያም አንዱ ተነሥቶ ረጅም ጊዜ ተናገረ፣ ሌላውም ተነሥቶ ከእርሱ የበለጠ ረጅም ጊዜ ተናገረ፣ ከዚያም ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ተነሣና ሁለቱንም የሚነቅፍ ነገር ተናገረ፣ ማንም አላቋረጠውም። ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ በተሰባበረ አማርኛ አንዳንዱን ይነግሩኝ ነበር። እኔም በመጨረሻ «አዴር፣ ይህ ዛፍ የማን ነው?» አልኳቸው። አዴር አጎት ማለት ነው፤ በዚያ አገር ትልቁ ለትንሹ፣ ትንሹም ለትልቁ እኩል «አዴር» ይባባላል። እርሳቸውም አዩኝና «ጥላ ባለቤት አለው እንዴ፣ አዴር?» አሉኝ።

ይህች ጥያቄ ናት ይህን ሁሉ የምታስወራኝ።

የዚያ አገር ሰዎች፣ ኢሳዎች፣ ሕጋቸውን ሄር ኢሴ ይሉታል። ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ በአፍ ይወረሳል፣ በዛፍ ሥር ይፈረዳል፣ «ጌድ» የሚለው የሶማሊኛ ቃልም ዛፍ ሲሆን ጉባኤውንም ይጠሩበታል። ሽማግሌዎቹ ሲተርኩ ሕጉን የደነገጉት 44 ሰዎች ሲቲ በሚባል ስፍራ ተሰብስበው ነው ይላሉ፤ ዛሬ ደወሌ ያለችበት ዞን ስምም ሲቲ ነው። ኡጋዝ አላቸው፤ ኡጋዙ ግን ይባርካል እንጂ እንደ ንጉሥ አያዝም። ፍርዱ ያልጣመው ሰው ከዚህ ዛፍ ተነሥቶ ወደ ሌላ ዛፍ ይግባኝ ይላል። ድንበሩን ፈረንጆች ሲያሰምሩት ኢሳዎች ኢትዮጵያም ጅቡቲም ሶማሊያም ሆኑ፣ ሕጉ ግን አንድ እንደሆነ ቀረ፤ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ዩኔስኮ የሦስቱም አገሮች የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዘገበው።

እንግዲህ ከዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው ሌላኛውን ጉባኤ ያስታወስኩት።

በ1993 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ባለጠጎቹና ባለሥልጣኖቹ እንደ ልማዳቸው በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ዳቮስ ሲሰበሰቡ፣ በደቡብ ብራዚል በፖርቶ አሌግሬ ከተማ ደግሞ ሌላ ሰው ተሰበሰበ፤ ገበሬው፣ መሬት የለሹ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የሴቶች ማኅበሩ፣ ዕዳ ይሰረዝልን የሚለው፣ ውሃችን አይሸጥብን የሚለው። ስሙንም የዓለም ማኅበራዊ ፎረም አሉት። ከጀማሪዎቹ አንዱ ሺኮ ዊታከር የሚባል ብራዚላዊ ነበር፤ እርሱም ፎረሙ እንደ አደባባይ ነው፣ አደባባይ ደግሞ ባለቤት የለውም እያለ ሲከራከር ኖረ። የደወሌን ሽማግሌ ሳያውቅ የደወሌውን ሽማግሌ ቃል ተናገረ።

በዚያው ዓመት ቻርተር ጻፉ፤ 14 አንቀጽ ነው። የፖለቲካ ፓርቲ እንደ ፓርቲ አይገባም አሉ፣ ጦር ያነገበ ድርጅትም አይገባም አሉ፣ የመንግሥት ሰው ቻርተሩን ተቀብሎ በግሉ ቢጋበዝ ግን ይችላል አሉ፣ ደግሞም ማንም ተነሥቶ «ፎረሙ እንዲህ ይላል» ብሎ በሁሉም ስም አይናገርም አሉ። ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔ ደጋግሜ አንብቤ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ለመጀመሪያዎቹ ጉባኤዎች ብዙ ገንዘብ ያቀረቡት ከተማውና ክፍለ ሀገሩ ነበሩ፣ ሁለቱንም ይገዛ የነበረው የሠራተኞች ፓርቲ ነበር። ፓርቲ በፊት በር እንዳይገባ የከለከለው ቤት ራሱ ፓርቲው የሚመራው መንግሥት ገንዘብ ያወጣበት ነበር ማለት ነው።

ከዚያም የዚያ ፓርቲ መሪ ሉላ የብራዚል ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ1995 ዓ.ም. ጥርም ፖርቶ አሌግሬ መጥቶ ለሕዝቡ ንግግር አደረገ፣ ሕዝቡም አለቀሰ፣ ዘፈነ፣ ከዚያም ሉላ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ወደ ዳቮስ ሄደ። የድኻውን ቃል ለባለጠጋው ላደርስ ነው አለ። አምነው የሸኙት ነበሩ፣ አዝነው የሸኙትም ነበሩ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በእኛው የገና ሰሞን፣ የአፍሪካ ማኅበራዊ ፎረም ሁለተኛ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው አንድ ዓመት ቀድሞ ባማኮ ነበር፤ የማሊ የባህል ሚኒስትር የነበረችው አሚናታ ትራኦሬ ካስተናገዱት አንዷ ናት። ስሟን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ወደ አዲስ አበባ የመጡት አፍሪካውያን ሁለት ነገር ተሸክመው ነው የመጡት፦ ዕዳውንና የራሳቸውን መንግሥት። ዕዳውን በጋራ ማውገዝ ቀላል ነበር። መንግሥትን ማውገዝ ግን ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ከባድ ነገር ነው። ደግሞም አብዛኛው ሰው የተሳፈረበትን ቲኬት የገዛው የውጭ ለጋሽ ነበር፤ ከዓለም ባንክ ነጻ ነኝ የሚል ሰው ከለጋሹስ ነጻ ነኝ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አንገቱን ይደፋል።

የእኛ አገር መንግሥትም ይህንኑ ጥያቄ ስድስት ዓመት ቆይቶ አነሣው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው 10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ማኅበር በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ አይግባ አለ። «የማን ገንዘብ ነው?» ጥያቄው እውነት ነበረ፤ የጠየቀው አፍ ግን መልስ ሊሰማ ሳይሆን ዝም ሊያሰኝ ነበር፣ ብዙ ማኅበርም ሥራውን ጥሎ ስሙን ለውጦ ቀረ። አሥር ዓመት ከቆየ በኋላ በ2011 በአዋጅ 1113 ተሻረ። እኔ ሁለቱንም ነገር አብሬ እይዛለሁ፤ ለጉባኤው ድንኳን ማን እንደከፈለ መጠየቅ ይገባል፣ ጠያቂው ግን ድንኳኑን ሊያፈርስ የመጣ እንዳይሆን።

ሕንዶች ይህን በደንብ አይተውታል ብዬ አምናለሁ። በ1996 ዓ.ም. ጥር ፎረሙ ሙምባይ ሲሄድ አዘጋጆቹ የፎርድ ፋውንዴሽንን ገንዘብ አንቀበልም አሉ። ከዚያም ከዘር መሰላሉ ሥር የተጣለው ዳሊት በከበሮው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ቆሻሻ ለቃሚው ወደ ጎሬጋኦን ሜዳ ገባ፤ አቧራው፣ ሙቀቱ፣ ጭፈራው። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሌላ ጉባኤ ተተክሎ ነበር፤ እናንተ የትጥቅ ትግልን ዘጋችሁ፣ ውሳኔም አትወስኑም፣ ስለዚህ እኛ የራሳችንን ዛፍ ተክለናል የሚሉ ሰዎች። መንገዱን እየተሻገሩ ሁለቱንም የሰሙ ብዙ ናቸው ይባላል፣ እኔም ብሆን እሻገር ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ጥር እንደገና ፖርቶ አሌግሬ ላይ ከ150 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዝግቦ ሳለ 19 ታዋቂ ሰዎች፣ ጆዜ ሳራማጎ፣ ሳሚር አሚን፣ ኢማኑኤል ዋለርስታይንና ሌሎችም፣ ፎረሙ ማውራት ብቻ ሆኗል ብለው ማኒፌስቶ አወጡ። ያሉት ነገር መጥፎ አልነበረም፤ ዕዳ ይሰረዝ፣ ገንዘብ በዓለም ሲዘዋወር ቀረጥ ይከፈልበት፣ ሰው ለምግቡ ሉዓላዊ ይሁን። ነገር ግን ያን ያህል ሕዝብ ሳይሰማ 19 ሰው ተቀምጦ ጻፈው፤ ከ19ኙም 18ቱ ወንዶች ነበሩ። አንዷ ሴት አሚናታ ትራኦሬ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኔ አደባባይ ባለቤት የለውም የሚለውን ዊታከርን እቀበላለሁ፤ ዛፉ ግን ይፈርዳል። የውሃ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ሳይወሰን ሰው ቢበተን ነገ በዱላ ይገናኛል። ስለዚህ ውሳኔ የሚሹት ሰዎች ረኀባቸው ይገባኛል። ልዩነቱ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ዛፉ የሚፈርደው ጢም ያላበቀለው ልጅ ሳይቀር ከተናገረ በኋላ ነው።

ከዚያም ናይሮቢ። በ1999 ዓ.ም. ጥር ፎረሙ ሙሉ ለሙሉ ወደ አፍሪካ ሲመጣ ካሳራኒ ስታዲየም ላይ ተሰበሰቡ፤ ኬንያውያን ለመግቢያ 500 ሽልንግ ክፈሉ ተባሉ። ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ ኮሮጎቾ የሚባል የቆርቆሮ ሰፈር አለ፤ የዚያ ሰው 500 ሽልንግ ከየት ያመጣል? የስልክ ኩባንያ ስሙን በየቦታው ሰቅሎ ነበር፣ ውሃና ምግብም በውድ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ምግብ ቤት የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ነው ተባለ፣ የሰፈሩም ልጆች ገብተው ምግቡን ወሰዱ። የድኻ ጉባኤ ተብሎ በተጠራው ቦታ ድኻው ከደጅ ቆሞ ዘፈነ፣ ጮኸ፣ በመጨረሻም በሩ ተከፈተለት።

ነገር ግን ደስ የሚለኝ ሌላው ነው። በከተማው መካከል ጂቫንጂ የሚባል መናፈሻ አለ፤ በዚያም «ቡንጌ ላ ምዋናንቺ»፣ የሕዝብ ፓርላማ ማለት ነው፣ ተራው ሰው በየቀኑ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የአገሩን ነገር ይከራከራል። እነዚህ ሰዎች በፎረሙ ሰሞን የራሳቸውን ጉባኤ በነጻ አደረጉ። ከካሳራኒ ተነሥተው የሄዱ እንግዶችም ነበሩ። ይህን ስሰማ የደወሌው ግራር ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

አሚናታ ትራኦሬን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ፎረሙ ሞንትሪያል ሲደረግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሀብታሞች አገር ሆነ፣ ካናዳም ለብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ከለከለች፣ ከተከለከሉት አንዷ እርሷ ናት። ከ18 ወንድ መካከል ብቻዋን የተቀመጠች፣ የአፍሪካን ፎረም በአገሯ የተቀበለች ሴት ቪዛ ተከልክላ ቀረች። ቻርተሩ ሁሉ ይግባ ይላል፤ በሩ ላይ የሚቆመው ፖሊስ ግን ቻርተሩን አላነበበም። ደወሌ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በዚያ የአክስት ልጅ ቤት ከኬላ ማዶ ነው፣ ግመሉ ሳይጠየቅ ያልፋል፣ ሰው ግን ወረቀት ይባላል።

ታዲያ በዚያ ቀን ፀሐይ አዘቀዘቀችና ጉባኤው ሳይወስን ተነሣ። እኔም ከዛፉ ጀርባ፣ ክቡ ካለቀበት፣ ከሰል አቀጣጥላ ሻይ በወተት ስትሸጥ ወደዋለች ሴት ሄድኩና ሒሳቤን ልከፍል አልኩ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበረች፤ ጆሮዋ ሁሉንም ሰምቷል። በሄሩ ልማድ ሴት ከዛፉ ሥር አትቀመጥም። መልሱን እየቆጠረች፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ከዚያ ጉድጓድ ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። ማን ቀድሞ እንደመጣ አውቃለሁ። የጠየቀኝ የለም» አለችኝ።

ይህን ይዤ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩና «አዴር» ብዬ ነገርኳቸው። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ መሬቱን በጫፉ ጫር ጫር አደረጉ፣ ወደ ሴትዮዋም ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያም «ነገሩ ገና አላለቀም። ነገም እንቀመጣለን» አሉ።

የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ፣ ወረቀቱ አልቆ ነበር። ከጭነቱ ላይ ወጥቼ ወደ ኋላ ሳይ ዛፉ በአቧራ ውስጥ ነበር፣ ሽማግሌውም እንደቆሙ ነበሩ፣ ሴትዮዋ ለማታው ባቡር ሰዎች አዲስ ከሰል ትጨምር ነበር።