ጫት፦ ባህላዊ አጠቃቀሙ፣ መድኃኒትነቱና ለጤና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ጫት ምንድን ነው?
ጫት ለምርቃና ተብሎ ቅጠሉ የሚቃም አነቃቂ ተክል ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ ካቲኖን ይባላል፤ አሠራሩም አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ጋር ይመሳሰላል። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ እርጥበቱን ሳያጣ ለገበያ የሚቀርበው ለዚህ ነው።

ባህላዊ አጠቃቀሙ
በጉራጌ ጫት ገበሬው ለሥራ ብርታት፣ ተማሪው ለጥናት፣ ብዙ ሙስሊሞች ደግሞ ለዱአ ይጠቀሙበታል። በቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ ጫት እንደሚቅሙ አሳይቷል። ከሚቅሙት 80 በመቶው ምክንያታቸው በጸሎት ጊዜ ሐሳብን ለመሰብሰብ ነበር።

መድኃኒት ይሆናል?
ድካምን ወይም ድብርትን ለማስታገስ የሚቅሙ ሰዎች አሉ። የሚሰማቸው መነቃቃት እውነት ነው፤ ግን ጊዜያዊ ነው። ለድብርትና ሲጋራ ለማቆም የሚታዘዘው ቡፕሮፒዮን በኬሚካል አወቃቀሩ ከካቲኖን ቤተሰብ ነው። ነገር ግን እርሱ መጠኑ ተለክቶ የሚሰጥና በሐኪም ክትትል የሚወሰድ ነው። አንድ እስር ጫት ምን ያህል ካቲኖን እንደያዘ ግን በዓይን አይታወቅም፤ ቅጠሉም ለየትኛውም በሽታ ፈዋሽነቱ አልተረጋገጠም።

የሚያስከትላቸው ችግሮች
ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ የሆድ ድርቀት ያመጣል። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርትና ዱካክ ሊከተሉ ይችላሉ። ይህን ለማብረድ ጨብሲ መውጣት በአንዱ ሱስ ላይ ሌላ መጨመር ነው።

ማን ይበልጥ ይጠንቀቅ?
• የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት
• የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም ከዚህ በፊት የታመመ፤ ጫት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል
• ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት
• አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን የታዘዘለት፤ ጫት መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ፣ ቅመው ከጨረሱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይተው ይውሰዱ

ለሐኪምዎ ይንገሩ
ባይጠየቁም ይንገሩ፤ አያፍሩ። ለምሳሌ ቅመው መጥተው ግፊትዎ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ሐኪሙ የማያስፈልግዎን መድኃኒት ሊያዝልዎ ወይም መጠኑን ሊጨምርብዎ ይችላል። መቼና ምን ያህል እንደቃሙ ከተናገሩ ግን ልኬቱ በሌላ ቀን ይደገማል።

ለማቆም ካሰቡ
መጠኑንና ቀኑን ቀስ በቀስ ይቀንሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሀራራ፣ ድካምና መጥፎ ሕልም ይኖራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እየቀለሉ ይሄዳሉ።

ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ
የደረት ሕመም ከተሰማዎ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰሙ፣ ሰው ሁሉ የሚከታተልዎ ከመሰለዎ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ። አታት አካባቢ ከሆኑ አታት ሆስፒታል ቅርብዎ ነው። ከቤተሰብዎ አንዱ እነዚህን ምልክቶች ካሳየ ብቻውን አይተዉት፤ አብረውት ይሂዱ።