የካሉብና የሂላላ የጋዝ ጉድጓዶች የግማሽ ምዕተ ዓመት ጉዞና ለደጋው አርሶ አደር ያላቸው ፋይዳ

በሰሜን ጎንደር ዞን፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት የደባርቅና የዳባት ወረዳዎች ገብስና ስንዴ የሚያመርተው አርሶ አደር የሚጠቀምበት ዩሪያ ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጓጉዞ የሚደርሰው ነው። ለዩሪያ ምርት ዋነኛ ግብዓት የሆነው የተፈጥሮ ጋዝ በኢትዮጵያ ምድር መኖሩ ከታወቀ ግን ከ50 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል።

ጋዙ የሚገኘው በደጋው ሥር አይደለም። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት የተገነቡ ሲሆን፣ ነዳጅና ጋዝ የሚፈጠሩት በደለል አለት ውስጥ ነው። በአማራ ክልል በወረኢሉ አካባቢ ወደ ምድር ገጽ የሚወጣ ድፍድፍ ነዳጅ ምልክት ቢታይም፣ ለምርት የሚሆን ክምችት በጉድጓድ የተረጋገጠው በሶማሌ ክልል በኦጋዴን ተፋሰስ ነው። የአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ የካሉብን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ያገኘ ሲሆን፣ የሂላላ ግኝትም ብዙ ሳይቆይ ተከትሏል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይሁንና ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ከፍተኛ ካፒታልና ልዩ ቴክኖሎጂ የሚጠይቅ፣ ኪሳራም ሊያስከትል የሚችል ሥራ በመሆኑ በተከታታይ የነበሩ መንግሥታት የውጭ ተቋራጮችን ሲፈልጉ ቆይተዋል። የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295/1978 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣውም ይህንኑ ግንኙነት በሕግ ለመምራት ነው። በዘርፉ የተለመደው የምርት ክፍፍል ስምምነት ሲሆን፣ በዚህ ዓይነቱ ውል ተቋራጩ የፍለጋውን ወጪ በራሱ ይሸፍናል፤ ምርት ሲገኝ ወጪውን ከምርቱ ይተካል፤ ቀሪው በውሉ መሠረት ለመንግሥትና ለተቋራጩ ይከፋፈላል። ምርት ካልተገኘ ኪሳራው የተቋራጩ ነው።

ከቴኔኮ በኋላ በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በካሉብና በሂላላ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፍረው የነበረ ቢሆንም፣ በ1991 ከተካሄደው የመንግሥት ለውጥ ጋር ሥራው ተቋርጧል። በ1990ዎቹ ካሉብን ለማልማት የአክሲዮን ኩባንያ ተቋቁሞ በዓለም ባንክ ብድር ቢታገዝም ጋዙ ለገበያ ሳይበቃ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. 2007 ለዘርፉ ተስፋና ሐዘን የተፈራረቁበት ዓመት ነበር። በሚያዝያ ወር በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በተፈጸመ ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ለጥቃቱ የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ኃላፊነት ወስዷል። በዚያው ዓመት የማሌዥያው ፔትሮናስ የካሉብና የሂላላን መብት ቢረከብም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአገሪቱ ለቅቆ ወጥቷል።

በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂ.ሲ.ኤል. ተተክቶ ጋዙን በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ወስዶ በማቀዝቀዝ ለውጭ ገበያ ለማቅረብ አቀደ። በሰኔ ወር 2018 በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ማውጣት መጀመሩ ይታወሳል። በ2019 ኢትዮጵያና ጅቡቲ በቧንቧው ላይ ቢስማሙም ግንባታው እውን አልሆነም። የማዕድን ሚኒስቴርም በ2022 ውሉን አቋርጧል። በዚያው ዓመት አንድ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ያካሄደው ጥናት 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ የጋዝ ክምችት መኖሩን ማረጋገጡ ተገልጿል።

ከዚህ ጉዞ መረዳት እንደሚቻለው ጉድጓዶቹን ዘግቶ ያቆያቸው የጋዝ እጥረት አይደለም። ከባሕር በር የራቀ ጋዝ መጓጓዣና ገዢ ካላገኘ ዋጋ የለውም። ለዚህም ሁለት መፍትሔዎች ቀርበዋል። አንደኛው ጋዙን እዚያው ማቀዝቀዝ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ ይዘቱም ወደ 600 እጥፍ ገደማ ስለሚቀንስ በቦቴ መኪና ማጓጓዝ ይቻላል። የፖሊ ጂ.ሲ.ኤል. ባለድርሻ የነበረው ጎልደን ኮንኮርድ ግሩፕ በካሉብ የገነባው የመጀመሪያ ምዕራፍ ፕሮጀክት በጥቅምት 2025 ተመርቋል። የማምረት አቅሙም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው።

ሁለተኛው ጋዙን ወደ ማዳበሪያ መለወጥ ነው። ከጋዙ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየር ናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ አሞንያ ይሆናል፤ አሞንያው ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ 46 በመቶ ናይትሮጅን የያዘ ዩሪያ ይሰጣል። በነሐሴ 2025 የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕና ኢትዮጵያን ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። የዳንጎቴ ድርሻ 60 በመቶ፣ የኢትዮጵያ ወገን ድርሻ 40 በመቶ ነው። ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ በቧንቧ የሚቀርብ ሲሆን፣ ፋብሪካው በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርትና ግንባታው በ40 ወራት እንዲጠናቀቅ ታቅዷል።

ዕቅዱ እውን ሲሆን ለማዳበሪያ ግዢ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ እንደሚያድን ይታመናል። ሆኖም ከጎዴ እስከ ደባርቅና ዳባት ያለው መንገድ ረጅም በመሆኑ፣ ማዳበሪያው በአገር ውስጥ መመረቱ ብቻውን ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ዋስትና አይሆንም። ዋጋውን የሚወስኑት ፋብሪካው ለጋዙ የሚከፍለው ሂሳብ፣ የመጓጓዣው ወጪና የስርጭቱ ቅልጥፍና ናቸው።

የጋዝ ልማቱ ገቢም የራሱ ሥርዓት አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 መሠረት ከነዳጅና ከጋዝ ሥራዎች የሚገኘው የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ የፌዴራል መንግሥትና የክልሎች የጋራ ነው። በመሆኑም ከተቋራጭ ጋር የሚፈረም እያንዳንዱ ውል የሥራ ጊዜ ገደብን፣ የፋይናንስ አቅም ማረጋገጫንና ግዴታ ሳይፈጸም ሲቀር የሚወሰደውን እርምጃ በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል። ተቋራጭ በተለዋወጠ ቁጥር ጉድጓዶቹ ለዓመታት ሲዘጉ፣ የኦጋዴን አርብቶ አደር የልማቱን ትሩፋት፣ የደጋው አርሶ አደር ደግሞ ማዳበሪያውን ሲጠብቁ መቆየታቸው ያለፉት 50 ዓመታት ያሳዩት እውነታ ነው።