ዓባይ ከጣና ያልወጣበት ዘመን

እስቲ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ።

ዓባይን ስለ ማገድ አባቶቻችን ያወሩትን ታውቃላችሁ። አፄ ዳዊት «ወንዙን እመልሰዋለሁ» ብለው ግብፅን አስጨነቁ፣ ግማደ መስቀሉም ወደ አገራችን የመጣው በዚያ ሰበብ ነው ይባላል። እኔ የማወጋችሁ ግን ንጉሥም ግድብም የሌለበትን ነው። አንድ ዘመን ነበረ፤ ዓባይ ከጣና መውጣት አቆመ። ያገደውም ሰማዩ ነው።

ማን አይቶ ነገረህ? በሉኝ። ያኔ ጤፍ አልተዘራ፣ በሬ አልተጠመደ፣ ፊደል አልተቀረጸ። ያየው ጭቃው ነው።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጎደጎደ በተባለበት ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ርብና ጉማራ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከጎንደር በኩል እየወረዱ አፈር ያራግፉበታል። የአምናው ከሥር፣ የዘንድሮው ከላይ እየሆነ ይረጋል። ከአፈሩ ጋር የአበባ ብናኝ ይቀበራል፣ የደንገል ሥር ይቀበራል፤ በዓይን የማይታዩ፣ ዳያተም የተባሉ የውሃ ፍጥረታትም ይቀበራሉ። የዳያተም ቅርፊት ብርጭቆ ከሚሠራበት ማዕድን የተሠራ ስለሆነ አይበሰብስም። ከእነርሱ ውስጥ ጥልቅ ውሃ የሚወድ አለ፣ ዳር ዳሩን ሣር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አለ፣ ጨው የሚችልም አለ። ስለዚህ ቅርፊቱን በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው፣ ሐይቁ ያኔ ጥልቅ ይሁን ጎድሎ፣ ጣፋጭ ይሁን ጨዋማ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ጥበብ እኔን እጅግ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

እንግዲህ በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ላምብ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመርና ባልደረቦቻቸው ጣናን ሊጠይቁት ወረዱ። በመጀመሪያ ድምፅ ሰደዱበት። ድምፁ ውሃውን ያልፋል፣ ለስላሳውን ጭቃ ያልፋል፤ ጠጣር ነገር ሲገጥመው ከፊሉ ይመለሳል። የመመለሻውን ጊዜ እየለኩ የሐይቁን ሆድ በሥዕል አወጡት። አራት ጠንካራ ድንበሮች፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ተነጥፈው ታዩ። ቀጥሎ ቱቦ ወደ ታች እየሰደዱ፣ ጭቃውን እንደተደራረበ መዝዘው አወጡት።

የላይኛው ድንበር ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? አውድማ የመሰለ ጠጣር ደለል! ጭቃ ውሃ ውስጥ ተኝቶ እንዲህ አይጠጥርም፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኙት ነው። በዳርቻው በኩል ደግሞ ጎርፍ የቦረቦራቸው ቦዮች ታዩ። ከሐይቅ ሥር ጎርፍ እንዴት ቦይ ይቦረቡራል? ሐይቁ ስላልነበረ ነዋ! ዛሬ የጣና ደሴት የሆነው ደቅ ያኔ ደሴት አልነበረም፣ ሜዳ ላይ የቆመ ኮረብታ ነበር። ዳጋም እንዲሁ።

ዘመኑንስ በምን አወቁት? በካርቦን 14። ተክል በሕይወት ሳለ ከአየር ይወስደዋል፤ ሲሞት መውሰዱ ይቀራል፣ የያዘውም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየጎደለ ይሄዳል። የተረፈውን የለካ፣ ተክሉ የሞተበትን ዘመን ይደርስበታል።

ስለዚህ እንዲህ ሆነ። ከ16,700 ዓመት በፊት፣ በጣና ጥልቅ ስፍራ ላይ፣ በዚያ ደረቅ ደለል አናት ረግረግ በቀለ፤ ደንገልም ሞላበት። ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ያ ደንገል ዳር ዳሩን ሳይሆን የሐይቁን እምብርት ይዞት ነበር። ከ1,500 ዓመት በላይ እንዲህ ኖረ። ከዚያ ውሃው ከፍ ማለት ጀመረ፤ ግን መውጫ አልነበረውም። ፀሐይ እየጠጣው ጨው ጨው አለ፤ ጨው የሚችሉት ዳያተሞች መጡበት። በመጨረሻ፣ ከ14,750 ዓመት በፊት ገደማ፣ ድንገት ውሃው ጣፈጠ። ጨው ወዳዶቹ ጠፉ። ጣና ሞልቶ አፉን ከፍቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ ማለት ነው።

ሌላው የናይል ምንጭ ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ነበር፤ የሞላውም ከጣና ጋር ተቀራርቦ ነው። ሁለቱ ምንጮች እስኪመለሱ ድረስ ታላቁ ናይል በዝናብ ወራት ብቻ የሚወርድ፣ በበጋ የሚቆራረጥ ወንዝ ነበር ይላሉ አጥኚዎቹ።

ዝናቡን ምን ያዘው? ነገሩ ከሰሜን አትላንቲክ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ግግር በረዶ እየተገመሰ ባሕር ገባ፤ ሲቀልጥ ጨዋማውን ውሃ አቀጠነው፤ ሙቀት ወደ ሰሜን የሚያመላልሰው የባሕር ፍሰት ደከመ። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ በሐሩር ምድር የሚዞረው የዝናብ መቀነት ላላ፤ ጎጃምና በጌምድር ላይ የሚወርደው ክረምትም ሳሳ። ከእኛ እጅግ የራቀ በረዶ የግልገል ዓባይን ውሃ ቀነሰ።

ከዚያ ወዲያ ጣና እንዲያ ሆኖ አልደረቀም፤ ግን ተመችቶት ብቻ አልኖረም። ከላይ ባለው ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ሌሎች የተቦረቦሩ ገጾች አሉ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከ12,000 እና ከ8,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ ውሃው ዝቅ ብሏል።